በግራ ክንፍ ላይ የቆመችው ኦርፋ

ኦርፋ ደንላቪን ከእኛ ጋር ያገናኘቻት አንዲት ላም ናት። ታላቁ ጦርነት ካበቃ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ካንሳስ ውስጥ፣ ሚልፎርክ የምትባል ከተማ ዳርቻ፣ ስንዴው በታጨደበት መሬት ላይ አርፈን እኔና ተርማን ጌጅ ምሳ ልንበላ ወደ ገበሬው ቤት ዘወር አልን። ስንመለስ ላሟ ከታችኛው ክንፍ ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ጨርቅ ገሽልጣ በልታለች። ጨርቁን ወጥሮ የሚያደርቀው ቀለም ለላም ይጣፍጣታል። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ይረሳዋል።

ተርማን አብራሪው ነው፤ እኔ አንሰል ሩዲ ደግሞ መካኒኩ። አውሮፕላኗ ጦሩ ሲያሠለጥንባት ቆይቶ በርካሽ የሸጣት፣ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ነበረች። ከከተማ ከተማ እንዞራለን፤ ጣራ ልንነካ ጥቂት እስኪቀረን ዝቅ ብለን በርረን ሰዉን ከቤቱ እናስወጣዋለን፤ ከዚያ ሜዳ ላይ አርፈን በአምስት ዶላር ገበሬውን ከነሚስቱ ሰማይ ላይ እናወጣዋለን። ክንፏ የተቀደደ አውሮፕላን ይዘን ግን ማንንም አናወጣም።

«የደንላቪን ልጅ ጥሯት» አለን የላሟ ባለቤት። «ዱቄት ፋብሪካው ውስጥ ጆንያ ትሰፋለች። እጇ ከመኪና ይፈጥናል።»

ልጅ ሲል ትንሽ ጠብቀን ነበር፤ የመጣችው ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ረጅም፣ ጸጉሯ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባት ሴት ናት። ክንፉን ዞራ አየችው።

«ላም ናት የበላችው?»

«ላም ናት» አለ ተርማን።

«ላሟስ ደህና ናት?»

ተርማን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር የጠየቀችው። ተቀምጣ እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ሰፋች። ስፌቷን ሳየው አፈርኩ፤ በጦሩ ፋብሪካ ከተሠራው ይሻል ነበር። ዋጋዋን ስንጠይቃት ገንዘብ አልፈልግም፣ አውጡኝ አለች። ተርማን ሃያ ደቂቃ ያህል በከተማው ላይ አዙሯት አወረዳት። ከመቀመጫው ወርዳ ጓንቷን ስታወልቅ ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት።

«እዚያ ላይ ማንም ስሜን አይጠራም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ስንነሳ ከፊት መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ ከነመሣሪያዬ በመኪና ተከተልኳቸው። አባቷ፣ ሽማግሌው ደንላቪ፣ በረንዳው ላይ ቆመው ሲያዩዋት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰኞ ጆንያውን ማን ይሰፋል?»

መጀመሪያ ስፌትና ትኬት ነበር ሥራዋ። ክንፍ ላይ እየወጣ ሰውን የሚያስጮኸው ሮስኮ የሚባል ጓደኛችን ነበር። በተከታዩ ዓመት ሮስኮ ነብራስካ ውስጥ ዳቦ ቤት ያላት አንዲት መበለት አገኘና፣ «ወንድሞቼ፣ እኔ ከአሁን በኋላ የምወጣው ወደ ምድጃ ብቻ ነው» ብሎ ቀረ። ትርኢቱ ለቅዳሜ ተለፍፏል። ዓርብ ከሰዓት ኦርፋ መጥታ፣ «ክንፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የት እንደሚረገጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» አለች።

ተርማን እኔን አየኝ። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ።

ቅዳሜ የሸራ ጫማ አድርጋ፣ ቀሚሷን በወንድ ሱሪ ለውጣ ወጣች። ከመቀመጫው ተነስታ ወደ ክንፉ ስትራመድ ሜዳው ላይ ያለው ሰው በሙሉ አንገቱን ሽቅብ ቀና አደረገ። ክንፎቹን የሚያስተሳስረውን ሽቦ ይዛ፣ እግሯን እየመረጠች፣ ቤቷ ውስጥ ሳህን ለማንሳት እንደምትሄድ ሴት ተራምዳ ጫፍ ደረሰች። እኔ ሞተሩን ብቻ ነበር የማዳምጠው። ስታርፍ ሰዉ እየሮጠ ከበባት፤ ሴቶች እጇን ይነካሉ፤ አንድ ገበሬ ሐብሐብ ሰጣት። ለብቻችን ስንሆን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ውስጥ ጠቅልላ ተቀመጠችና ሐብሐቡን ሙሉውን በላችው፤ ለማናችንም አላካፈለችም። ደስ ብሏት ሳያት ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። ብዙም አልተደጋገመም።

ሁለት ዓመት ያህል ጥሩ ሆነልን። ተርማን በመለፈፊያው «ሞትን የናቀችው ሚስ ኦርፋ!» እያለ ይጮኻል፤ እሷ ስያሜውን ትጠላዋለች። «እኔ ማንንም አልናቅሁም» ትለው ነበር። ሰው ግን እየለመደ ሄደ። አምና በአንድ እግር የቆመች ዘንድሮ በጭንቅላቷ ትቁም ይላሉ። በጭንቅላቷ ስትቆም፣ ያለ ገመድ ይላሉ። ሃርላን ቤንድ በተባለችው የነብራስካ ከተማ፣ በአውራጃው የገበሬዎች በዓል ላይ፣ የተጠበሰ ዶሮ በቅርጫት የያዘች አንዲት እናት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ዛሬ ትወድቃለች እንዴ?»

«አትወድቅም እመቤት።»

«እንግዲያው ልጆቹን ይዤ ልግባ፤ ሙቀቱ ከበደን።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ዶሮም ሰጥታኛለች።

የተርማንን ዓይን ነገር ያወቅሁት በአራተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ ፊቱ ያስቀመጥኩለትን መፍቻ እየዳበሰ ሲፈልግ አየሁት። ቀጥሎ ካርታውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አዮዋ ውስጥ ሲያርፍ፣ ሕፃን ልጅ የሚያየውን አጥር በጎማው ገጭቶ አለፈ። እኔም ኦርፋን ከውኃ በርሜሉ ጀርባ አቁሜ ጠየቅኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልትክደኝ አልሞከረችም። «ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። መሃል መሃሉን አያይም። ዳር ዳሩን ግን ያያል።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚያርፈው?»

«እኔን እያየ» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ትርኢቱ ሲያልቅ ወደ መቀመጫዋ አትመለስም ነበር፤ እስኪያርፉ ድረስ በታችኛው ግራ ክንፍ ላይ ቋሚውን እንጨት ይዛ ትቆማለች። ቀኝ እጇ ላይ ነጭ እጅጌ ሰፍታለች። እጇን ከፍ ስታደርግ ይነሳል፣ ዝቅ ስታደርግ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ስትዘረጋ ያቃናል። እዚያ ስትቆም ከዓይኑ ዳር ላይ ነው የምታርፈው፤ ዓለም ውስጥ አጥርቶ የሚያየው ነገር እሷ ብቻ ሆናለች። ታች ያለው ሰው ሰላም ያለችው እየመሰለው ኮፍያውን ያወዛውዝላታል።

«ኦርፋ፣ ይህ እብደት ነው። አንድ ቀን ትሞታላችሁ።»

«አውቃለሁ። አንተስ የት ትሄዳለህ አንሰል?»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጋራዦቹ ወጣት ነው የሚቀጥሩት፤ እኔ ደግሞ ከዚያች ሞተር በቀር የማውቀው ነገር የለኝም። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሷ ባለችበት መዋልን ለምጄ ነበር። ያንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእሷም ጭምር። ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ፤ የሆነውን ሁሉ ስቆጥር ከማንም በፊት የምቆጥረው የራሴን ዝምታ ነው።

ከዚያ መንግሥት ሕግ አወጣ። አብራሪ ሁሉ በሐኪም ይመርመር፣ ፈቃድ ያውጣ፣ ያረጀ አውሮፕላን ሰው አይጫንበት ተባለ። በሙያው የነበሩ ጓደኞቻችን አንድ በአንድ ተበተኑ፤ አንዱ የፖስታ አመላላሽ ሆነ፣ ሌላው መኪና ሻጭ፣ ሁለቱ ቀድመው ሞተዋል። ተርማን ግን ፈቃዱን አወጣለሁ አለ። ኦርፋ ታመምኩ ብላ የሚመረምረው ዶክተር ዘንድ ቀድማ ገባችና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ በወረቀት ገልብጣ መጣች። ሦስት ቀን አስጠናችው። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ስሰማቸው ትምህርት ቤት ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

«ሦስተኛው መስመር?»

«ኤፍ፣ ፒ፣ ቲ…»

«ኦ ቀርታለች። እንደገና።»

በምርመራው ቀን ሦስታችንም ገባን። ዶክተሩ አጭር፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሽማግሌ ነበር። ተርማንን ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ያንን ሰሌዳ አንስቶ ሌላ ሰቀለ። ሰሌዳው ድምፅ አልነበረውም። እኔ አየሁ፤ ኦርፋም አየች፤ ተርማን አላየም።

«ይጀምሩ ሚስተር ጌጅ።»

ተርማን ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ኦዋንም ሳይረሳ፣ እስከ መጨረሻዋ ጥቃቅን ፊደል ድረስ ባማረ ድምፅ ወረደው። ዶክተሩ አላቋረጠውም።

«ሚስተር ጌጅ፣ እስካሁን ማን ነው ሲያሳርፍዎ የኖረው?»

ተርማን ፊቱ ደም መሰለ።

«እኔ ነኝ» አለች ኦርፋ ከበሩ ሥር።

ዶክተሩ ዞር ብሎ አያት። ይቆጣኛል ብላ እየጠበቀች እጇን አጣምራ ቆመች፤ እሱ ግን አልተቆጣም። «ልጄ፣ ይህ ዓይን አይመለስም። እየባሰበት ነው የሚሄደው» አላት። ከዚያ ለተርማን፣ «ከዛሬ ወዲያ ሰው ይዘው ቢነሱ ለሸሪፉ መጻፍ ግዴታዬ ነው» አለው።

ውጭ ስንወጣ ተርማን መጀመሪያ የተናገረው፣ «ሰሌዳውን መቀየሩን ለምን አልነገርሽኝም?» የሚል ነው።

«እንዴት ልንገርህ? እሱ ፊት?»

«ማሳል አትችዪም? ሰው እኮ ያስላል!»

ሃርላን ቤንድ ሩቅ ነው፤ የዶክተሩ ደብዳቤ እዚያ አይደርስም፤ የበዓሉ አዘጋጆችም ቃል ተቀብለውናል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመሰናበቻ፣ አለ ተርማን። ኦርፋ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ነጩን እጅጌ ስታጥብ አየኋት።

ሃርላን ቤንድ ጠዋት ስንደርስ ከሜዳው በስተምሥራቅ አዲስ ምሰሶዎች ተተክለዋል። የበዓሉ ዳንስ አዳራሽ በኤሌክትሪክ እንዲበራ ከከተማው ሽቦ ስበውለታል። ሄጄ በእርምጃ ለካሁትና ለሁለቱም ነገርኳቸው። ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር፤ አውሮፕላን ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከምዕራብ ገብተን እናርፋለን፣ ሽቦው አያገኘንም፣ አልን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሱ። ሞተሩን ለማስነሳት ፕሮፔለሩን የሚያሽከረክረው እኔ ነኝ። እንቢ ብል ኖሮ ማን ያሽከረክርለት ነበር? እጄን አሳርፌ ተርማንን አየሁት፤ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፣ ግን ፈገግታው ከትከሻዬ በስተግራ በኩል አለፈ። አሽከረከርኩት።

ሰዉ ከድሮው ግማሽ አይሞላም። ኦርፋ ያለ ገመድ ጫፍ ሄደች፣ በአንድ እግር ቆመች፣ ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር። ነፋሱ የዞረው ያን ጊዜ ነው። የሜዳው ባንዲራ መጀመሪያ ረገበ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በሌላው በኩል ተነሳ። ሮጥኩ፤ ሸሚዜን አውልቄ አውለበለብኩ። ተርማን ነፋሱን በፊቱ ያውቀዋል፤ ያንን ለማወቅ ዓይን አያስፈልገውም። እንደ ደንቡ ዞሮ ከምሥራቅ መግባት ጀመረ፤ በሽቦዎቹ በኩል፣ ዘቅዘቅ ያለችውን ፀሐይ ፊት ለፊት እያየ።

ኦርፋ እጇን ያነሳችው ገና ከሽቦዎቹ ማዶ ካለው የእህል ጎተራ በላይ ሳሉ ነው። እኔ ከታች አይቻለሁ፤ ይህን እስክሞት እመሰክራለሁ። ጊዜ ነበር። አውሮፕላኗ ግን ቀጥ ብላ ወረደች። ፀሐይዋ የቀረችውን የዓይኑን ዳር ወስዳበታለች። እሷም ያ ገባት መሰለኝ፤ ቋሚውን እንጨት ለቀቀችና ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። ምንም ሳትይዝ፣ ክንፉ ላይ፣ ሁለት እጆቿን ሽቅብ ዘርግታ ቆመች። ሰዉ አዲስ ትርኢት መስሎት በአንድነት ኮፍያውን አነሳ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭብጨባ ነው እስካሁን የምሰማው።

ጎማዎቹ በሽቦው ተጠለፉ። አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ተተከለች። ተርማን በቀበቶ ታስሮ ስለነበር አፍንጫውና ሦስት የጎን አጥንቶቹ ብቻ ተሰበሩ። ኦርፋ አርባ እርምጃ ያህል ርቃ ወደቀች። ሮጬ ስደርስ ዓይኗ ክፍት ነበር።

«አየኝ?» አለችኝ። «አንሰል፣ አየኝ?»

«አየሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዳሌዋ ተሰብሮ ስድስት ወር ተኛች። ስትነሳ በምርኩዝ ነበር፤ ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሯል። ከአውሮፕላኗ የተረፈውን ሞተር አንድ ገበሬ ለውኃ መሳቢያ ወሰደው። የተርማን ዓይን በሁለተኛው ዓመት ጨርሶ ጠፋ፤ ዘመድ ስላልነበረው የአውራጃው የድሆች መጦሪያ አስገቡት። ኦርፋ ሚስቱ ነኝ ብላ አብራው ልትገባ ጠየቀች። የጋብቻ ወረቀት አምጪ አሏት። እንደ ባልና ሚስት ኖሩ እንጂ ወረቀት አልነበራቸውም። ቄስ አምጥቼ አሁን እናጋባችሁ ስለው ተርማን ጀርባውን ሰጠኝ። ስለዚህ እዚያው መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረች፤ ምግብና መኝታ ይሰጧታል፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ትቀመጣለች።

እኔ ዲሞይን ከተማ የትራክተር ጥገና ሥራ አግኝቼ ነበር። በዓመት አንዴ ሁለቴ በአውቶቡስ እሄድላቸዋለሁ። አንድ እሑድ ስደርስ ተርማን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ለሁለት ሽማግሌዎች ያወራል።

«ሽቦውን አውቀው ነበር» ይላል። «ምን ያህል እንደሚረዝም ሳይቀር አውቄዋለሁ። እጇን አዘገየች እንጂ። ሴት ናት፤ ሰው ሲያጨበጭብላት ራሷን ረሳች።»

ኦርፋ የታጠበ አንሶላ በክንዷ ይዛ ከአጠገቡ ቆማለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ አልቻልኩም።

«ተርማን፣ ከጎተራው በላይ ሳላችሁ ነው ያነሳችው። እኔ አይቻለሁ። ያላየኸው አንተ ነህ።»

«አንተ? አንተ ከመሬት ሆነህ ምን ታያለህ? ዕድሜህን ሙሉ የእኛን ጫማ ስታይ የኖርክ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኦርፋ እጄን ይዛ ወደ ማጠቢያ ቤቱ ወሰደችኝ፤ ምርኩዟ ሲሚንቶው ላይ ይንኳኳል። ተቆጥታኝ ነበር።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳትለው።»

«ይዋሽብሻል እኮ!»

«ይዋሽ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔ አጥፍቼ ከሆነ እሱ ጥሩ አብራሪ ነበር ማለት ነው። ይህንን ወስደህበት ምን ልትሰጠው ነው?»

አንሶላውን ከክንዷ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ግን እሷ ራሷ ከልቧ ማንን እንደምታምን ለመጠየቅ ፈልጌ ነበር። ሜዳው ላይ አየሽ ያልኳት እኔ ነኝ። አይቷት ኖሮ ካልተነሳ፣ ጥፋቱ የማን ይሆናል? ምናልባት የእኔ ውሸት ነው ዘግይቼ ይሆናል ብላ እንድታስብ ያደረጋት። ይህን ካሰብኩ በኋላ እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለት ጊዜ ስለ ትራክተር አውርቼ ተመለስኩ።

ተርማን የሞተው ድርቅ ያስነሳው አቧራ ሰማዩን በሸፈነበት ክረምት ነው፤ በሳንባ በሽታ። እስከ መጨረሻው አላመሰገናትም፤ ይቅርታም አልጠየቃትም። ለቀብሩ እኔ፣ እሷና የመጦሪያው ዘበኛ ነበርን። ቄሱ ስሙን ተሳስቶ «ኸርማን» አለው፤ ማንም አላረመውም።

በፀደይ ሄድኩላት። አዲስ ሸሚዝ ገዝቼ ነበር፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ለምን እንደሚሄድ ግልጽ ነው። አንሶላ እየተኮሰች አገኘኋት። ዲሞይን ሁለት ክፍል ቤት እንዳለኝ፣ መንገዱ ሜዳ መሆኑን፣ ለእግሯ እንደማይከብዳት ነገርኳት።

«እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። ትቀመጫለሽ።»

ካውያውን ምድጃው ላይ መለሰችና ሌላውን አነሳች። ትንሽ አሰበች፤ ለእኔ ስትል ያሰበች መሰለኝ እንጂ መልሱ ዱሮ ነው ያለቀው።

«ደግ ሰው ነህ አንሰል» አለች። «እዚህ ማክሰኞ የወንዶቹን፣ ሐሙስ የሴቶቹን አጥባለሁ። ሌላ ነገር መልመድ አልችልም።»

«ኦርፋ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ የነገርኩሽ…»

«አንሶላውን በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ጫፍ ለጫፍ አጋጥመን አጠፍን፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ የምሳ ደወል ተደወለና ምርኩዟን ይዛ ከሌሎቹ ጋር ሄደች። እኔ አውቶቡሱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ስለቀረኝ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅሁ።